«ቀጭ» ብሎ የሚቀር መኪና፤ ሞተሪኖ ከማስወረዳችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ማታ ማታ አፍንጫቸውን ወደ ቁልቁለት አዙረው የሚያድሩ መኪኖች አሉ። ባለቤቶቻቸው ጠዋት በቁልፍ እንደማይነሱ ያውቃሉ። የእጅ ፍሬን ይለቃሉ፣ መኪናው ይንከባለላል፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁት ሞተሩ ይነሳል። ከተማችን ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች በዚህ ዘዴ ወራት ማለፍ ይቻላል። አንድ ቀን ግን አዘዞ ሜዳው ላይ ሞተር አጥፍተው ዕቃ ያወርዳሉ። ተመልሰው ቁልፉን ሲያዞሩ «ቀጭ» ይልና ዝም። ያኔ የሚገፋ ሰው ፍለጋ ነው። መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ መግፋትም አያስነሳውም።

ይህ ዘዴ ሌላም ነገር አለው። ሞተር ሳይነሳ የፍሬን ማገዣው አይሠራም። አንድ ሁለቴ ከረገጣችሁት በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት፣ በጠባብ ቁልቁለት፣ እንደዚያ ባለ መኪና መውረድ ያስፈራኛል። ስለዚህ ችግሩን እንፈልገው።

«ሞተሪኖ ሞቷል» የሚለውን ቃል እኔም ሰምቼዋለሁ። ሞተሪኖ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ያረጀች ኮሮላ ነበረችኝ። ጥር ላይ አንድ ጠዋት ቀጭ ብላ ቀረች። ያየልኝ ጋራዥ ሞተሪኖውን አውርዶ ሌላ ያገለገለ ገጠመልኝ። ከፈልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው «ቀጭ» ተመለሰ። በመጨረሻ ሠፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥተው አዩልኝ። ሞተሪኖውን አልነኩትም። ባትሪ ማገናኛ ኬብል አወጡ፣ የጥቁሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ካለ ባዶ ብረት ጋር አያያዙና «እስቲ አስነሳት» አሉኝ። ወዲያው ተነሳች። «ወንድምዓለም፣ ሞተሪኖህ ደህና ነበር። የበሰበሰው ማሳው ነው» አሉኝ። ማሳ የሚሉት ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ኬብል ነው። ገንዘቤን ያፈሰስኩት በደህናው ዕቃ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ ሞተሪኖ የሚወርደው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ምርመራ ማንም ሰው በራሱ ሊሠራው ይችላል።

ቀጭ የሚለው ምኑ ነው?

ሞተሪኖው ላይ የተለጠፈ ትንሽ ሲሊንደር አለ። ሶሌኖይድ ይባላል። ቁልፉን ስታዞሩ በቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። የሞተሪኖውን ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ትልቅ ባለጥርስ ክብ ብረት) ጥርስ ጋር ያጋጥመዋል። በዚያው ቅጽበት ውስጡ ያሉትን ወፍራም የመዳብ ጫፎች አገናኝቶ ከባትሪው የሚመጣውን ከባድ ከረንት ወደ ሞተሪኖው ይለቀዋል።

የምትሰሙት «ቀጭ» ሶሌኖይዱ ሲሳብ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ይህ መልካም ዜና ነው። ቁልፉ፣ ፊውዙና ቀጭኑ ሽቦ ቢያንስ በከፊል እየሠሩ ነው ማለት ነው። የጎደለው ከባዱ ከረንት ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች አንድ ላይ የሚስቡት 10 አምፒር ገደማ ነው። የአንድ ትንሽ ቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ግን ከ100 እስከ 200 አምፒር ይፈልጋል። ናፍጣ ከዚያም ይበልጣል። «መብራቱ ይበራል፣ ስለዚህ ባትሪው ደህና ነው» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳሳተው ለዚህ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጉ። አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይሁን። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አስገቡ። በእኛ ከተማ ታኮውን መዝለል አይገባም። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ፤ ባትሪ ላይ ብረት ካገናኘ ጣት ያቃጥላል። ጠዋት በርዷችሁ ጋቢ ደርባችሁ ከሆነ ጋቢውን መኪና ውስጥ ተዉት። ሞተሩ ድንገት ቢነሳ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ጨርቁን ይስበዋል። ቁልፍ የሚያዞርላችሁ አንድ ሰው ጥሩ። «አዙር» ሳትሉት እንዳያዞር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ቁጥር 10 ቁልፍ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ባትሪ ማገናኛ ኬብል። ቴስተር የሌለው ሰው መጀመሪያ የሚገዛው መሣሪያ እሱ ይሁን። ርካሹም ለዚህ ሥራ ይበቃል።

1. መጀመሪያ ስሙ

መስኮቱን ክፈቱ፣ ራዲዮ አጥፉ፣ ቁልፉን አዙራችሁ ለሁለት ሰከንድ ያዙት።

«ቀጭቀጭቀጭቀጭ» እያለ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ቮልቱ እየወደቀ ነው። ሶሌኖይዱ ይሳባል፣ ከባዱ ከረንት ሲጀምር ቮልቱ ይወድቃል፣ ሶሌኖይዱ መያዝ አቅቶት ይለቃል። ሲለቅ ቮልቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይሳባል። ደካማ ባትሪ ወይም የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ማሰሪያ አለ ማለት ነው። ሞተሪኖውን ገና አትጠርጥሩት።

አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ ጠንከር ያለ ድምፅ ከሰጠና ዝም ካለ፣ ሶሌኖይዱ ተስቦ እንደያዘ ነው። ከባዱ ከረንት ግን ወይ አላለፈም፣ ወይ አልፎ ሞተሪኖው መዞር አቅቶታል። እዚህ ላይ ኬብል፣ ማሳ፣ የሶሌኖይዱ መዳብ፣ የሞተሪኖው ካርቦን (ከረንቱን ወደሚዞረው ክፍል የሚያደርሰው) ወይም የተያዘ፣ ማለትም መዞር ያቃተው ሞተር ይጠረጠራሉ።

ድምፁ ቀጭን ሆኖ ከዳሽቦርዱ ሥር ወይም ከፊውዝ ሳጥኑ ከመጣ፣ የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ማብሪያ) ድምፅ ነው። ከሞተሪኖው ጋር አታምታቱት። ረዳታችሁ ቁልፉን ሲያዞር እጃችሁን ሪሌዩ ላይ ብታሳርፉ ይሰማችኋል። ሪሌዩ እየመታ ሞተሪኖው ጋ ምንም ድምፅ ከሌለ፣ ከሪሌዩ ወደ ሶሌኖይዱ ያለውን መንገድ ተከተሉ።

2. መብራቱን ተመልከቱ

የፊት መብራት አብሩና መኪናውን ግድግዳ ፊት አቁሙት፤ መንቀሳቀስ ካልቻለ ረዳታችሁ ከፊት ቆሞ ይይ። መብራቱ እየበራ ቁልፉን አዙሩ።

ጭልም ብሎ ከጠፋ፣ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ማሰሪያው ጋ መጥፎ ግንኙነት አለ። በጣም ደብዝዞ ከቀረ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ብዙ እየሳበ መዞር አልቻለም። ምንም ካልተለወጠና «ቋ» ብቻ ከተሰማ፣ ከባዱ ከረንት ጨርሶ እየሄደ አይደለም። ይህች ሙከራ ገንዘብ አትጠይቅም፣ ቴስተርም አትፈልግም፣ ግን ግማሹን መንገድ ትወስዳችኋለች።

3. የባትሪው ራስ

ማሰሪያዎቹን በእጅ ለመጠምዘዝ ሞክሩ። በእጅ የሚነቃነቅ ማሰሪያ ሞተር አያስነሳም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከከበበው ንቀሉት። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን። ስትመልሱ በተቃራኒው። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡና አፍሱበት፤ ይፈላና ያጸዳዋል። ውሃው ወደ ባትሪው ቀዳዳዎች እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከደረቀ በኋላ የማሰሪያውን ውስጥና የባትሪውን ራስ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከላይ ግራሶ ወይም ቫዝሊን ቀቡ።

ከውጭ የጸዳ የሚመስል ማሰሪያም ከውስጥ ጥቁር ሽፋን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ቢመስልም ንቀሉና እዩ።

4. ባትሪውን ለኩ፤ ሁለቴ

ቴስተሩን የዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጉ። መኪናው ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ለኩ። 12.6 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ከሆነ ሩብ ገደማ ቀርቶታል። ቻርጅ ተደርጎም 10.5 አካባቢ ከቆመ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል። ያ ባትሪ አይድንም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ዋናው መለኪያ ግን ሁለተኛው ነው። የቴስተሩን ጫፎች የባትሪው ራስ ላይ ይዛችሁ ረዳታችሁ ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉ። አሁን ባትሪው ሸክም ተሸክሟል። ከ9.6 በታች ከወደቀ ባትሪው ደክሟል ወይም መሙላት አለበት። ሞልታችሁ ድገሙት። ሞልቶም ከወደቀ ባትሪ ቀይሩ። በአንጻሩ ሞተሩ ሳይዞር ቴስተሩ ከ12 ካልወረደ፣ ከባዱ ከረንት ከባትሪው አልወጣም። መንገዱ ላይ የተቆረጠ ነገር አለ።

የጎንደር ብርድ ባትሪ ይገድላል ሲባል እሰማለሁ። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ የጥር ጠዋትም ይበርዳል፣ ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲወጣ ደግሞ ይብሳል። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትም ያወፍራል። ባትሪን ከውስጥ የሚያስረጀው ግን ሙቀት ነው። ወደ መተማ ቆላ የሚመላለስ መኪና ባትሪው እዚያ ያረጃል፣ እዚህ መጥቶ ጠዋት ላይ ይጋለጣል። የባትሪው ክዳን የሚከፈት ዓይነት ከሆነ ውሃውን እዩ። ሳህኖቹ ከታዩ የባትሪ ውሃ (የተጣራ ውሃ) ጨምሩ፤ አሲድ አይደለም፣ የቧንቧ ውሃም አይደለም።

5. ማሳው

እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ፤ እኔን ያስከፈለኝ ይህ ነው።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ከረንት በሙሉ በኔጌቲቭ መመለስ አለበት። የሚመለሰው በሞተሩ ብረትና ከእሱ ወደ ባትሪው በሚሄደው ወፍራም ኬብል ነው። ሞተሩ በጎማ ላይ ስለተቀመጠ ይንቀጠቀጣል። ኬብሉ ከዓመት ዓመት አብሮ ይተጣጠፋል። ዘይት፣ ጭቃና የክረምት ውሃ ይነካዋል። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ያሉት ክሮች አረንጓዴ ሆነው ይበጠሳሉ። ጥቂት ክሮች ከቀሩ መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል። 150 አምፒር ሲጠየቅ ግን 0.05 ኦም የምታህል እንቅፋት ብቻዋን 7.5 ቮልት ትበላለች። ለሞተሪኖው የሚተርፈው ምን እንደሆነ አስቡት። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ኬብሉን ብትለኩት ደህና ነው ይላችኋል። መለካት ያለበት ከረንት እያለፈበት ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ አድርጉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የሞተሪኖው ቆርቆሮ ወይም ሞተሩ ላይ ያለ ቀለም የሌለው ንጹሕ ብረት ላይ አድርጉ። ረዳታችሁ ቁልፉን ያዙር። ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ማሳው ተበላሽቷል። ፖዘቲቩንም በዚሁ መንገድ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ቡሎን ለኩ። እዚያ ከ0.5 መብለጥ የለበትም።

ቴስተር ከሌላችሁ የአዛውንቱን ዘዴ ተጠቀሙ። ጥቁሩን ማገናኛ ኬብል ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ ብረት ዘርጉና አስነሱ። ከተነሳ ኬብል ብቻ ነው የምትቀይሩት። ሌላም አለ፤ ሁለት ሦስቴ ከሞከራችሁ በኋላ የኬብሎቹን ጫፎች በጥንቃቄ ዳስሱ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከሞቀ ኃይሉ የሚባክነው እዚያ ነው።

አዲስ ኬብል ስታስገጥሙ የድሮውን ውፍረት ያህል ይሁን። ቀጭን ኬብል ገጥሞ መሸኘት ችግሩን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው። የሚታሰርበት ብረትም ይፈግፈግ።

6. ሞተሪኖው ዘንድ

እዚህ የምንደርሰው ባትሪው፣ ማሰሪያውና ማሳው ደህና መሆናቸውን ካረጋገጥን ነው። በአንዳንዱ መኪና ሞተሪኖው ከላይ ይታያል፣ በአንዳንዱ ከሥር ካልሆነ አይደረስም። ከሥር መግባት ካስፈለገ ክሪክ ብቻ አምናችሁ አትግቡ። ጠንካራ መደገፊያ ይደረግበት።

ሶሌኖይዱ ላይ ሁለት ትልልቅ ቡሎኖችና አንድ ቀጭን ሽቦ ታያላችሁ። አንደኛው ቡሎን ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ኬብል የታሰረበት ነው። ከሁለተኛው አጭር ኬብል ወደ ሞተሪኖው ሆድ ይገባል። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ቁልፉ ሲዞር ሦስቱንም በየተራ ለኩ።

ቀጭኑ ሽቦ ላይ 10 ቮልትና ከዚያ በላይ መገኘት አለበት። ባትሪው ደህና ሆኖ እዚህ 7 ወይም 8 ከሆነ፣ የቁልፍ ማስገቢያው ወይም ሪሌዩ ውስጥ ያለው ጫፍ ተበልቷል።

አንደኛው ቡሎን ላይ 12 አካባቢ፣ ሁለተኛው ላይ ዜሮ ከሆነ፣ ሶሌኖይዱ እየተሳበ መዳቦቹ አይነካኩም። «አሥር ጊዜ ሞክሬ በአሥራ አንደኛው ተነሳ» የሚባለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። ብዙ የቶዮታ መኪኖች ላይ የሚገጠመው የዴንሶ ሞተሪኖ ውስጥ እነዚህ መዳቦች ይበላሉ። ለብቻቸው ይቀየራሉ። ሞተሪኖውን በሙሉ መጣል አያስፈልግም።

ሁለቱም ቡሎኖች ላይ 10 ቮልትና ከዚያ በላይ ኖሮ የማይዞር ከሆነ፣ ካርቦኖቹ አልቀዋል ወይም ሞተሪኖው ውስጡ ተበላሽቷል፤ አለዚያ ሞተሩ ራሱ ተይዟል። ካርቦን ከሆነ፣ ረዳታችሁ ቁልፉን ይዞ እናንተ በመዶሻ እጀታ ሞተሪኖውን ቀስ ብላችሁ ብትኮረኩሙት ሊነሳ ይችላል። ቀስ ብላችሁ ነው። አንዳንዱ ሞተሪኖ ውስጥ ማግኔት ስላለ በኃይል ከተመታ ይሰነጠቃል። ተነሳ ማለትም ዳነ ማለት አይደለም። ቤት ወይም ጋራዥ ያደርሳችኋል።

ሁለቱን ቡሎኖች በካቻቢቴ አገናኝቶ መሞከር የተለመደ ነው። አልመክረውም። ማርሽ ውስጥ ከሆነ መኪናው ከሥሩ ያለውን ሰው ሊሄድበት ይችላል፣ ብልጭታውም ዓይን ይጎዳል።

ሞተሩ ተይዞ እንዳይሆን

ከጎርፍ ውሃ ውስጥ ከወጣ በኋላ፣ ወይም ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሎ የቆመ መኪና ቋ ብሎ ከቀረ፣ ደጋግማችሁ አታዙሩ። ቁልፉን አውጡና የክራንክ ፑሊውን (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን፣ ቺንጋውን የሚያዞረውን ክብ) ቡሎን በትልቅ ቁልፍ፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ በእጅ አዙሩት። እየከበደም ቢሆን ሙሉ ዙር ከዞረ ሞተሩ ነጻ ነው። ጨርሶ እምቢ ካለ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ወይም ሞተሩ ነክሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሞተሪኖውን ትታችሁ መካኒክ ጥሩ። በግፊም አታስነሱት።

ከሌላ መኪና ስትበደሩ

ባትሪው ደክሞ ከሆነ፣ ቀዩን መጀመሪያ በደካማው ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ በደህናው ፖዘቲቭ እሰሩ። ጥቁሩን በደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን ከደካማው ባትሪ ራቅ ብሎ ሞተሩ ብረት ላይ። ባትሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ የመጨረሻዋ ብልጭታ አጠገቡ እንዳትፈጠር ነው። መናኸሪያ አካባቢ ለእርዳታ የሚቆም ደግ ሹፌር አይጠፋም። ነገር ግን ብዙ አይሱዙና አውቶቡስ በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። ከእነሱ ወደ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ኬብል አትዘርጉ። የመኪናችሁ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

ማውረድ ግድ ከሆነ

ኔጌቲቩን ሳትነቅሉ ማንም ሞተሪኖ አይንካ። ወርዶ ሲከፈት አብራችሁ ቁሙ። የተበላውን መዳብና ያለቀውን ካርቦን በዓይናችሁ እዩ። ሠራተኛው ጨዋ ከሆነ ራሱ ያሳያችኋል። ጥርሱ ተሸራርፎ ከሆነ የቮላኖውም ጥርስ ይታይ። እኔ በበኩሌ ምንጩ ካልታወቀ ያገለገለ ሞተሪኖ ይልቅ የራሴን ኦሪጅናል አስጠግኜ ማስገጠም እመርጣለሁ። ከመገጠሙ በፊት መሬት ላይ አጥብቆ ተይዞ በባትሪ ይሞከር።

ከተነሳ በኋላ

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ራስ ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። መብራት አብርታችሁ ከ13 በታች ከወረደ ቺንጋውን፣ ከዚያ ዲናሞውን አስፈትሹ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ማራኪ ብቻ የሚመላለስ መኪና ለማስነሻ ያወጣውን ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። በሳምንት አንዴ ረዘም ያለ መንገድ ይሂድ ወይም በቻርጀር ይሞላ።

ሌሊቱን አሳድሩትና ጠዋት ቁልፉን ሳትነኩ ለኩት። 12.4 እና ከዚያ በላይ ካነበበ ሜዳ ላይም ብታቆሙት ይነሳል። ወደ 12 ከወረደ በደንብ ሙሉትና በሚቀጥለው ሌሊት ኔጌቲቩን ነቅላችሁ አሳድሩት። ተነቅሎም ከወረደ ባትሪው ነው። ተነቅሎ ካልወረደ መኪናው ጠፍቶም ከረንት የሚስብ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ቴፕ ነው። እነሱን ፊውዛቸውን እየነቀላችሁ ፈትሹ።